ውሻችንን ይዘን የት እንደር?

“ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ? ለቅዳሜና እሁድ ቤት ፈልገን ነበር። ወጥ ቤት ያለው።”

“ሞልቷል እህቴ! ስንት ናችሁ?”

“ሦስት ነን። እና... አንድ ውሻ አለን።”

ዝም። ትንሽ ቆይቶ፣ “የፈረንጅ ነው የሐበሻ?”

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ወር እንዲህ እየተባልን ዘጠኝ ቦታ ደወልን። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። አምስቱ “ውሻ አንቀበልም” ብለው ዘጉት። ሁለቱ የፈረንጅ ከሆነ እናስብበታለን አሉ። አንዱ “ይምጣ፣ ግን ሌሊት ውጭ ዛፍ ላይ ይታሰራል” አለን። አንዲት ብቻ እሺ አሉ፣ እሳቸውም እሺ ያሉት በስድስት ቅድመ ሁኔታ ነው። ስለ እሳቸው በኋላ እናወራለን።

የኛ ቡቺ እንግዲህ ንጹህ የሐበሻ ውሻ ነው። እናቱ የሰፈር፣ አባቱ የማይታወቅ፣ ቀለሙ የሽሮ። በክረምት ከቱቦ ውስጥ አውጥተን፣ ሦስታችንም በምንኖርበት የኪራይ ቤት ያሳደግነው ነው። “የፈረንጅ ነው” ብለን ብንዋሽ እንኳ ገና ከመኪና ሲወርድ ይታወቅብናል።

“ታዲያ ምን አስቸገራችሁ? ለጎረቤት ተዉታ!” የምትሉ አላችሁ። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ፣ ከቡቺ በፊት የነበረችውን ሚሚን ለጎረቤት ልጅ አደራ ሰጥተን፣ አጥንቷን ቀቅለን፣ ውኃዋን ሞልተን ወጣን። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም። በሩ ሲከፈት አምልጣ ወጣች። እኛን ፍለጋ ይሁን የበግ አጥንት ፍለጋ እንጃ። በማግስቱ መንገድ ዳር መርዝ ያለበት ሥጋ በልታ ሞታ ተገኘች። በስልክ ነው የነገሩን። የዚያን ዕለት የቀረበው ዶሮ ሳይነካ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ተማምለናል፤ ቡቺ የማይሄድበት አንሄድም።

ችግሩ ግን ከተማ ውስጥ ለሚኖር ባለ ውሻ ሆቴል የሚባል ነገር አይሆንም። ሬስቶራንት ውስጥ ውሻ ይዞ መቀመጥ አይታሰብም፣ ክፍል ውስጥ ዘግቶበት መውጣት ደግሞ ሠፈሩን በጩኸት ማስነሳት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን ወጥ ቤት ያለው፣ አጥር ያለው፣ ራሳችን አብስለን የምንበላበት ትንሽ ቤት ነው። ለሦስት ሰው ምግብ ቤት ከመብላት ይረክሳል። ጾም የያዘውም ያልያዘውም የየራሱን ይሠራል። ሐይቅ ዳር ከሆነ ዓሣውን ከአጥማጁ ገዝቶ መጥበስ ነው። የቡቺም ቅንጬ በዚያው ይቀቀላል። ከዚህ በላይ ምን በዓል አለ?

መጀመሪያ በእምቢተኞቹ ተናደን ነበር። “እዚህ አገር ሰው ውሻ አይወድም” ምናምን እያልን አንድ ሳምንት አማረርን። ቀስ ብለን ስናስበው ግን ብዙዎቹ እምቢ ያሉት ውሻ ስለሚጠሉ አይደለም። ሦስት ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱም ከንቱ አይደሉም።

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይሄ ተረት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይድናል ማለት አይቻልም። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ስለሚፈጅ ደግሞ “ውሻችን እኮ ጤነኛ ነው፣ እዩት ሲጫወት!” ማለት ማስረጃ አይሆንም። ልጆቹ በግቢው የሚሮጡበት፣ ነገ ሌላ እንግዳ የሚቀበል ሰው ቢፈራ ይፈረድበታል?

ሁለተኛው እምነት ነው። እዚህ ላይ እኛ የከተማ ልጆች ቶሎ እንስቃለን። ውሻ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ማደሩን እንደ ነውር የሚያዩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በሙስሊሙም ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ በደንብ ሳይታጠብ አይበላበትም፣ ለሰላት የሚቆምበት ቦታም ንጹህ መሆን አለበት። እኛ ዛሬ ያደርንበት ክፍል ውስጥ ነገ የሚጸልይ ሰው ይገባል። ቡቺ በሰሃናቸው ከበላ ባለቤቲቱ ሰሃኑን ለማን ታቀርባለች?

ሦስተኛው እኛው ነን። ባለ ውሾች። ውሻውን አልጋ ላይ አስተኝተው፣ አንሶላውን ፀጉር አስመስለው፣ ግቢውን አቆሽሸው፣ ሳይጠርጉ ውልቅ የሚሉ አሉ። አንዱ ባለቤት “ከናንተ በፊት የመጡት ሶፋዬን አስበልተውኝ ሄዱ” ሲለን መልስ አልነበረንም።

እሺ፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን “የፈረንጅ ነው የሐበሻ?” የሚለው ጥያቄ አይደለም። ቫይረሱ ዘር አይጠይቅማ! ያልተከተበ ጀርመን ሼፐርድ ከተከተበው ቡቺ ይልቅ ያስፈራል። “ፈረንጅ” ሲባል በደንብ የተያዘ፣ “ሐበሻ” ሲባል የጎዳና ማለት ሆኖብናል። እዚህ ቤት ደግሞ የጎዳናው ልጅ ካርድ አለው። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ የክትባት ካርዱ የት አለ?

ውሻ ሦስት ወር ከሞላው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል፤ እኛ በየዓመቱ ነው የምናስከትበው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ ክትባቱ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ዓርብ አስከትቦ ቅዳሜ ላንጋኖ መውረድ አይሆንም። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይሁን። እግረ መንገዳችንን፣ ማንም ሰው በየትኛውም ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ሕክምና ይሂድ። ይታይና፣ ነገና ከነገ ወዲያ አይባልም።

አሁን ወደ ቢሾፍቱዋ ሴትዮ። “እትዬ፣ ውሻችን ግን የሐበሻ ነው” ብለን ገና ሳንጠየቅ ተናዘዝን። ሳቁብንና “እኔንስ ውሻው አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ባለቤቱ ነው” አሉ። ከዚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ዘረዘሩ። የክትባት ካርዱን ሲገባ አያለሁ። የራሱን ምንጣፍና የራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል። ሳሎን ይገባል፣ መኝታ ቤት አይገባም። ብቻውን ቤት ውስጥ አይተውም። ግቢ ውስጥ ያደረገውን እናንተ ታነሳላችሁ። 1,000 ብር ታስይዛላችሁ፣ ምንም ካልተበላሸ ትወስዳላችሁ።

በቃ! ስድስት ነገር። አንዱም ከባድ አይደለም። ሁለት ሌሊት አደርን፣ ብራችንን አንስተን፣ ግቢውን ጠርገን ወጣን። ስንወጣ እትዬ ለቡቺ አጥንት በፌስታል ቋጥረው ሰጡት።

እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ ለእረፍት የሚከራዩ ጎጆዎች ማስታወቂያቸው ላይ ይህንኑ ይጽፋሉ። ስንት ውሻ እንደሚፈቀድ፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚጨመር፣ ሶፋና አልጋ ላይ እንዳይወጣ፣ ብቻውን እንዳይተው፣ ግቢው የታጠረ መሆኑን። ባለቤቱም ተከራዩም ስልክ ላይ አይጨቃጨቅም። እትዬ ይህንን ከማንም ሳይማሩ በጭንቅላታቸው አውጥተውታል። የቀሩት ስምንቱ “አይቻልም” ከሚሉ እንደ እሳቸው “እንዲህ ከሆነ ይቻላል” ቢሉ ባዶ የሚከርም ክፍላቸው ይከራያል፣ እኛም እንደ ወንጀለኛ ውሻችንን አንደብቅም።

“ዛፍ ላይ ይታሰራል” ላሉን ሰውዬ ግን እዚህ መልስ እንስጥ። ጋሼ፣ ሌሊት ጅብ አለ። ዛፍ ላይ የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፣ ለጅብ የቀረበ እራት ነው። ውሻ ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ስትደውሉ መጀመሪያ “አጥሩ ሙሉ ነው? ሌሊትስ የት ነው የሚያድረው?” ብላችሁ ጠይቁ። ለውሻው የሚዘጋ በር ከሌለ ቤቱ ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ።

ሌላው ሁሌ የሚረሳው መጓጓዣ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ ውሻ ይዞ መሄድ አይሞከርም። የኮንትራት መኪና ስትይዙ ለሾፌሩ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ወንበሩ ላይ የሚነጠፍ አሮጌ አንሶላ ያዙ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ውኃ አጠጡት፣ ማሰሪያውን ሳትይዙ ግን በሩን እንዳትከፍቱ። መኪና በሚከንፍበት መንገድ ያመለጠ ውሻ ሩቅ አይሄድም።

አንድ ነገር ቀረን፣ እርስ በርሳችንም የተጣላንበት። አንዳችን “ለምን ባሌ አንሄድም? ቡቺ ሜዳ ላይ ይሩጥ!” አለች። ሌላዋ ጓሳን አመጣች፤ መንዝ ጓሳ ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ የሠራው፣ ራስን አብስሎ የሚታደርበት ማረፊያ አለ። ወጥ ቤት፣ ብርድ፣ እሳት። እኛ የምንፈልገው ነገር ሁሉ።

ግን አይሆንም። እነዚህ ደጋዎች የቀይ ቀበሮ ቤት ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፣ አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ትልቁ ገዳዩ ደግሞ ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ገብቶ ፈጅቷቸዋል። በ2003 ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ፤ ወደ ሌሎቹ መንጋዎች እንዳይዛመት ያቆመው ክትባት ነው። በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገባባቸው። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሚበላ ነገር ውስጥ ክትባት ይሰጣቸው ጀምሯል።

እርግጥ ነው በሽታውን ያመጡት የመዝናኛ ውሾች አይደሉም፣ ከብት የሚጠብቁ የመንደር ውሾች ናቸው። ቡቺም ተከትቧል። የእብድ ውሻ ክትባት ግን ዲስቴምፐርን አይከላከልም። ደግሞስ የአካባቢው ገበሬ ውሻውን እንዲያስከትብና እንዲያስር እየተለመነ፣ እኛ ከሸገር ውሻ ጭነን ለፎቶ ብንደርስ ምን እንባላለን? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ወደ ባሌና ጓሳ ስንሄድ ቡቺ ይቀራል ማለት ነው። ቡቺ የማይሄድበት አንሄድም ስላልን ደግሞ፣ ባሌ ለጊዜው በፎቶ ይበቃናል።

እንግዲህ የምንለው ይህንን ነው። ለባለ ቤቶች፦ “ውሻ አይቻልም” የሚለውን አንሱና ሁኔታችሁን ጻፉ። ካርድ ጠይቁ፣ ማስያዣ ያዙ፣ ዘር አትጠይቁ። ለኛ ለባለ ውሾች ደግሞ፦ መብት ከመጠየቃችን በፊት ካርዱ ኪሳችን ውስጥ ይሁን፣ ምንጣፉ ቦርሳችን ውስጥ ይሁን፣ መጥረጊያው እጃችን ላይ ይሁን። አንድ ባለ ውሻ ያበላሸውን ቀጥሎ የሚደውለው ነው የሚከፍለው።

በያመቱ ሴፕቴምበር 28፣ ብዙውን ጊዜ ከመስቀል ማግስት፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ያላስከተባችሁ ያን ቀን እንኳ አትጠብቁ። እኛ የቡቺን ካርድ ለመጪው በዓል አሳድሰን እትዬ ጋ ደውለናል። “ካርዱ ታድሷል?” አሉን ገና ሰላም ሳንላቸው። ታድሷል እትዬ!

ቸር ያሰንብተን።