ያልወለድነውን ሕፃን ጡት ለማጥባት የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ወደ እኛ መጣች። ሕፃኑን የወለደችው እህቷ ነበረች። እህቷ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑ ገና አንድ ወሩ ነው።

«የራሴ ልጅ ጡት ከተወ አምስት ዓመቱ ነው። ይህንንም ጡቴን ላጠባው እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ‹ያልወለድሽውን እንዴት ታጠቢያለሽ? ጡጦ ግዢለት› ይሉኛል። ምን ላድርግ?» አለችን።

በአገራችን «የጡት ልጅ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ጡት ወይም ጣት ማር ተቀብቶ ልጁ ይልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ዛሬ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ሊታመም ይችላል። ጡቱ ግን ይቻላል። ሕፃን ደጋግሞ ሲጠባት ያልወለደችም ሴት ወተት ልታገኝ ትችላለች። ነገሩ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መጠኑም ከሴት ሴት ይለያያል። እስከዚያው ሕፃኑ መራብ የለበትም።

ታዲያ ተጨማሪውን ወተት በምን እንስጠው?

1ኛ. በጡጦ። በየሱቁ ይገኛል። ግን ጡጦን በደንብ ማጠብ አስቸጋሪ ነው። ውስጡ የቀረ ወተት ይበላሽና ሕፃኑን ተቅማጥ ያስይዘዋል። ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት እምቢ ሊል ይችላል። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አይሰጥም።

2ኛ. በሲኒ። አፉ ሰፊ ስለሆነ መታጠብና መቀቀል ይቀላል። ሕፃኑን ቀና አድርገን እንይዛለን። ሲኒውን ከንፈሩ ላይ እናስጠጋለን። ራሱ ይልሳል፤ አፉ ውስጥ አንገለብጥበትም።

3ኛ. በሲኒና በቀጭን ቱቦ። ቱቦው በሐኪም ቤት ሕመምተኛ በአፍንጫው የሚመገብበት ዓይነት ነው። የሚያዘጋጀው የጤና ባለሙያ ነው። አንዱ ጫፍ ወተት ካለበት ሲኒ ይገባል። ሌላው በጡት ጫፍ ላይ በፕላስተር ይያዛል። ሕፃኑ ጡቱንና ቱቦውን አብሮ ይጎርሳል። ከሲኒው እየጠጣ ጡቱን ይጠባል። ለዛሬ ይጠግባል፤ የነገውንም ወተት ይጠራል።

ሲኒው መጀመሪያ ከጡት ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሕፃኑ ሲበረታ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከጡት በላይ ከፍ ካለ ግን ወተቱ በራሱ ይፈሳል፤ ሕፃኑን ትን ይለዋል።

የቱን እንምረጥ? ንጹሕ ውሃና ረዳት ያላት እናት ሦስተኛውን ትምረጥ። ጠብቶ እንዳበቃ ቱቦው ወዲያው ንጹሕ ውሃ በሲሪንጅ ይገፋበት። ከዚያ በኃይል ተወዝውዞ ውሃው ይውጣ። ቆሻሻ ከታየበት ይጣል። ይህን ማድረግ ካልቻለች ሲኒው ይበልጣል። መጀመሪያ ጡቷን ታጥባው፤ ከዚያ በሲኒ ትጨምርለት።

ሦስት ነገር አንርሳ።
- ማጥባት ሳይጀመር እናትም ሕፃንም ጤና ጣቢያ ይመርመሩ። ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋል።
- የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥበጥ። ለመቆጠብ ብለን ብናቀጥነው ሕፃኑ ይከሳል።
- ሕፃኑ በየጊዜው ይመዘን። ሽንቱ ካነሰ ወይም ከደከመ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ያቺ እናት ሦስተኛውን መረጠች። ትልቋ ልጅ ሲኒውን ትይዛለች። ባለቤቷ ቱቦውን ያጥባል። በአምስተኛው ሳምንት ሲኒው ውስጥ ወተት ይተርፍ ጀመር። ደንግጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ሕፃኑ ሲመዘን ክብደቱ ጨምሯል። የጎደለውን ከጡቷ አግኝቶት ኖሯል።

ተወያዩበት
1. ሲኒው ከጡት በላይ ከፍ ቢል ምን ይሆናል?
2. እናንተ ቤት ቱቦውን ማን ሊያጥብ ይችላል?