እንቅልፋም የሚባለው ማን ነው?

በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የምትኖር አንዲት ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ በሐሳባችሁ ሣሉ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ ከገጠር ወደ ከተማይቱ እንደ መጡት ብዙ ወጣቶች፣ እርሷም አንዲት ክፍል ቤት ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታለች። አንዷ ተረኛ ስትተኛ ሌላዋ ትነሣለች፤ ሌሊት ሠርታ የገባችውም ከጋለ ቆርቆሮ ሥር እንቅልፍ ትፈልጋለች። ይህች ልጅ በስፌት መኪናዋ ፊት አሸልባ ጣቷን መርፌ ቢወጋት፣ አለቃዋ ምን የሚላት ይመስላችኋል? «እንቅልፋም!»

በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ስሕተት ነው። እንቅልፍ እንደ ረኃብና እንደ ውኃ ጥም የሰውነት ፍላጎት እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ምንም ያህል ቢተጋ፣ ራሱ ሳያውቀው ለጥቂት ሴኮንዶች ሊያሸልብ ይችላል። ቡናም ድካሙን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ የጎደለውን እንቅልፍ አይተካም። ሦስት ሴኮንድ ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ በደቂቃ 4000 ጊዜ የሚሰፋ መኪና በሦስት ሴኮንድ መርፌውን 200 ጊዜ ይወጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌርም በዚያችው ጊዜ 50 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። ሰክሮ የመጣውን ሠራተኛ ከበር የሚመልስ አለቃ፣ ሳይተኛ የመጣውን ግን «ጎበዝ!» ብሎ ያስገባዋል።

እኔም በመምህርነት ዘመኔ በክፍል ውስጥ ያንቀላፉ ተማሪዎችን አስነሥቼ አቁሜአለሁ፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ግን አልጠየቅሁም።

«ሕግ አለ፤ ሠራተኛው በሕጉ ይጠበቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ግን በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ይፈቀዳል። እስቲ እንደምር። 12 ሰዓት ሥራ፣ 1 ሰዓት የምሳ ዕረፍት፣ 2 ሰዓት የመሄጃና የመመለሻ፣ 3 ሰዓት ደግሞ ለማብሰያ፣ ለማጠቢያና ለመሰል የቤት ሥራ ብንይዝ 18 ሰዓት ይሆናል። ለእንቅልፍ የሚተርፈው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ለአዋቂ ሰው ግን ቢያንስ 7 ሰዓት እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይመክራሉ። ሕጉ ሳይጣስ፣ ይህች ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ልትውል ትችላለች ማለት ነው።

«ማን አስገደዳት? ገንዘቡን ፈልጋ ነው» ይባል ይሆናል። በእርግጥም ትፈልገዋለች፤ የቤት ኪራይ አለባት፤ ለወላጆቿም ትልካለች። ነገር ግን መርፌው የደከመችበትን ምክንያት አይለይም። የፈረቃውን ሰሌዳ የምታወጣውም እርሷ አይደለችም። ተረኛን በድንገት ከቀን ወደ ሌሊት ማዛወር ወይም የደከመን ሰው በአደገኛ መሣሪያ ላይ ማሠራት የአሠሪው ውሳኔ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ አደጋ ሲደርስ መዝገቡ «የሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» በሚል ቃል ብቻ ባይዘጋ እመርጣለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስንት ሰዓት ሠራች? ስንት ሰዓትስ ተኛች? ይህም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።