ገበያችንን የሚያከስረው «እሺ»

በገበያችን ውስጥ እንደ «እሺ» ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል የለም። ገዢ በስልክ ዋጋ ሲጠራ ሻጭ «እሺ» ይላል። ቃሉ «ሰማሁህ» ሊሆን ይችላል፤ «ተስማማሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ዕቃውን ነገ አስጭናለሁ» ሊሆን ይችላል፤ «ይብቃን፣ ስልኩን ዝጋው» የሚሆንበትም ቀን አለ። ገዢው ከአራቱ የሚወደውን መርጦ ይይዛል፣ ገንዘቡንም በዚያው ልክ ያንቀሳቅሳል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ይህን ችግር ከእኛ ቀድመው አይተው መላ ያበጁለት ሰዎች አሉ፤ አብራሪዎች። አብራሪነት ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ከሞተሩና ከክንፉ ባልተናነሰ የሚያስጨንቀው የምህጻረ ቃላቱ ብዛት ነው። ቪ ኤፍ አር ውጭውን በዓይን እያዩ መብረር ነው፤ አይ ኤፍ አር በመሣሪያ እየተመሩ መብረር ነው፤ ሜታር የአየር ማረፊያው የአየር ጠባይ ሪፖርት ነው፤ ኖታም የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ነው። ይህን ሁሉ ሲያጠና የሚያመሸውን ሰልጣኝ ያየ ሰው ሙያው ራሱን በቃላት ያጠረ ሊመስለው ይችላል። በእኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒው ነው። የገበያ ውስጥ ስውር ቋንቋ ሦስተኛው ሰው እንዳይገባው የተፈጠረ ነው። የአብራሪ ቋንቋ ግን የሰማው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲረዳ የተፈጠረ ነው።

«እሺ»ን እንውሰድ። ሰልጣኙ በሬዲዮ ንግግር ደንብ መሠረት ይህን ቃል ከሦስት ይከፍለዋል። «ሮጀር» የተናገርከውን በሙሉ ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው፤ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። «ዊልኮ» ተረድቻለሁ፣ እፈጽማለሁ ማለት ነው። «አፈርም» ደግሞ አዎን ማለት ነው። በዚህም አያበቃም። የመነሻ ፈቃድ ወይም የከፍታ ትእዛዝ ሲሰጠው የተባለውን ቁጥር ራሱ መልሶ ለተቆጣጣሪው መናገር አለበት። ቁጥሮቹ እንኳ ተለይተው ይጠራሉ፤ በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ዘጠኝና አምስት እንዳይምታቱ «ናይን» «ናይነር»፣ «ፋይቭ» «ፋይፍ» ይባላሉ።

ይህ ጥንቃቄ የተገዛው በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ በጭጋግ በተሸፈነ ሜዳ የኬ ኤል ኤም ረዳት አብራሪ ለመነሣት ላይ መሆናቸውን በማያሻማ ባልሆነ አነጋገር ለማማው ገለጸ። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ የመለሰው ቃል «ኦኬ» ነበር። ከዚያ ያስከተለው «ቆይ፣ እጠራሃለሁ» የሚል ትእዛዝ ሌላ የሬዲዮ ንግግር ተደርቦበት በፉጨት ተዋጠ። መንደርደር የጀመረው ጃምቦ አልቆመም፤ በዚያው መንገድ ላይ ከነበረው የፓን አም ጃምቦ ጋር ተላተመ። 583 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ።

የመለኪያ ነገርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የሚያስፈልገው ነዳጅ 22,300 ኪሎ ግራም ነበር። አገሩ ወደ ሜትሪክ መለኪያ በመሸጋገር ላይ ስለነበር ስሌቱ በፓውንድ ተሠርቶ ከግማሽ በታች ተቀዳ። ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ ጊምሊ በተባለ አሮጌ የጦር አየር ማረፊያ አረፈ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በ17 ኪሎ ፈረሱላና በ100 ኪሎ ኩንታል መካከል የሚዋዥቅ ነጋዴ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሰልጣኙን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን «ከየት ጀምሮ ነው የሚለካው» የሚለው ጥያቄ ነው። ከፍታ መለኪያው በኪው ኤን ኤች ከተስተካከለ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ያሳያል፤ በኪው ኤፍ ኢ ከተስተካከለ ግን ሜዳው ላይ ዜሮ ያሳያል። ቦሌ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ7,600 ጫማ አይጎድልም። አውሮፕላኑ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሁለት ነው።

የእኛም ዋጋ እንዲሁ ነው። ኤፍ ኦ ቢ እና ሲ አይ ኤፍ ከአስመጪ አፍ የማይጠፉ ቃላት ናቸው። ብዙ ሰው ሲ አይ ኤፍ ሲባል ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጩ ይመስለዋል። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ማውጣት የጀመራቸውና በ2020 ያሻሻላቸው ኢንኮተርምስ የሚባሉት ደንቦች ግን እንዲህ አይሉም። ሻጩ የመርከቡን ኪራይና መድኑን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል፤ ዕቃው ቢጎዳ ግን ጉዳቱ መነሻው ወደብ ላይ መርከቡ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የገዢው ነው። ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚሟገተውም እርሱ ነው። ይህን ሳይለይ የፈረመ ሰው ቦሌ ላይ ከፍታ መለኪያውን ካሳሳተ አብራሪ በምን ይሻላል?

«ንግድ በመተማመን ነው፤ የተባለውን መልሶ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። መተማመኑን አልነቅፍም፤ ገበያችን የቆመው በእርሱ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የበረረ ካፒቴን ትናንት ሥራ ለጀመረ ወጣት ተቆጣጣሪ የተሰጠውን ቁጥር መልሶ ያነብለታል። የተዋረደም፣ የተጠረጠረም የለም። ሁለቱም የሚጠረጥሩት ሬዲዮውን ነው። እኛም ስልኩን እንጠርጥር።

ሕጋችንም ቢሆን ለዝምታ ቦታ አይሰጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርህ ደረጃ ዝም ማለትን እንደ መቀበል አይቆጥረውም። አድበስብሶ የተነገረ «እሺ»ም ቢሆን ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ ለነጋዴውም ለደላላውም የማቀርበው ሐሳብ ወጪ የሌለው ነው። ስልክ ከመዘጋቱ በፊት አንዱ ወገን መጠኑን ከነመለኪያው፣ ዋጋውን ከነርክክብ ቦታው፣ ቀኑንም ጭምር መልሶ ይናገር፤ ሌላው «አዎን፣ ልክ ነው» ይበል፤ ከዚያም በአጭር መልእክት ይጻፍ። ደላላው ኮሚሽኑን ሳይከራከር ይቀበላል፣ ነጋዴውም ቀብዱን ተማምኖ ይከፍላል። ሰልጣኙ አብራሪ ይህን ሳይለምድ ብቻውን እንዲበር አይፈቀድለትም። እኛ ግን ያለን ጥሪት በሙሉ የተጫነበትን ንግድ በአንድ «እሺ» ወደ ሰማይ እንለቀዋለን።