ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ ሞኝነት ነው?

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ዘልቋል። መነሻው፣ የአሜሪካ ልጆች የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ በፖስታ እየላኩ ያስፈርማሉ ሲባል አንድ ጓደኛችን «ሥራ የፈታ ሁሉ!» ብሎ መሳቁ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ላስረዳ።

ቤዝቦል ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ደንቡን እኔም በቅጡ አላውቀው፤ ለክርክሬም አያስፈልገኝም። ልጁ ለሚወደው ተጫዋች ደብዳቤ ይጽፋል። ካርዱንና የራሱ አድራሻ ያለበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት ባዶ ፖስታ አብሮ ከትቶ በቡድኑ ስታዲየም አድራሻ ይልካል። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዱ በሁለት ሳምንት ፈርሞ ይመልሳል፣ ሌላው ዓመት ያቆያል፣ ጭራሹን የማይመልስም ሞልቷል።

ጓደኛዬ «ነገሩ ንግድ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ አልክድም። ካርዱ ሲጀመርም ሲጋራ መሸጫ ነበር፣ ኋላ ደግሞ ማስቲካ። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጡ ከነበሩት አንዱ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ተጫዋቹ ፎቶዬ አይውጣ በማለቱ ጥቂት ብቻ ቀሩ። ልጆች ትምባሆ እንዳይገዙ አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ገንዘብ ፈልጎ ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ ካርዱ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ወር የ1952ቱ የሚኪ ማንትል ካርድ 12.6 ሚሊዮን አወጣ! ገንዘብ በገባበት ደግሞ ማታለል አይጠፋም። ፊርማ አስመስሎ የሚጽፍ መሣሪያ አለ፤ የሐሰት ፊርማ ነጋዴዎችንም ኤፍ.ቢ.አይ. አድኖ ለፍርድ አቅርቧል።

ነገር ግን ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል ሰውም ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም እያሠቃየው ከ30,000 በላይ የቤዝቦል ካርድ ሰብስቦ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በነጻ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ራሱ ሙዚየሙ እየሄደ በአልበም ላይ ይለጥፍ ነበር። ይህን ሰው ነጋዴ የሚለው ማነው?

እኔን የነካኝ ግን ካርዱ አይደለም፣ ደብዳቤው ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የደብዳቤ አጻጻፍ አስተምሬ ነበር። ልጆቹ በሙሉ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብለው ለሌለ ጓደኛ ጻፉ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለማን ነው የሚላከው?» አለችኝ። «ለማርክ ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ያ የአሜሪካ ልጅ ስሙን አስተካክሎ የሚጽፈው፣ አድራሻውን ሁለት ጊዜ የሚያየው መምህሩ ስለሚያርመው አይደለም፤ ፖስታው ተመልሶ እጁ እንዲገባ ነው። መልስ ያጣ እንደሆነስ? ያዝናል። ለሌላ ይጽፋል። እኛ ግን ልጆቻችንን ያን ያህል እንኳ እንዲጠብቁ አላደረግናቸውም። የአንዱ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ለሌላው አምስተኛ ክፍል ቢጽፍ ምን ይከብዳል? የቴምብሩ ወጪ ነው እንዳትሉኝ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ደብዳቤ በአንድ ትልቅ ፖስታ ይሄዳል።

መምህሮቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን አስተያየት እዚሁ ግድግዳ ላይ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ልምምድ የፖስታውን ዋጋ ከኪሴ አውጥቼ እሞክረዋለሁ። ያች ልጅ እዚያው ክፍል ካለች የመጀመሪያውን ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ናት። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ እንደገና ሥቋል።