ክፍተትን ለጠቆመ ወሮታ፦ ያልተማከለ ፋይናንስ እና የተጠቃሚዎች ደኅንነት

ያልተማከለ ፋይናንስ በሚባለው አሠራር ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ያለ ባንክ፣ በኮምፒውተር ኮድ አማካኝነት ነው። በኮዱ ክፍተት የተወሰደ ገንዘብን ማስመለስ እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ በርካታ መድረኮች ክፍተቱን ቀድሞ ለሚጠቁም የደኅንነት ተመራማሪ ወሮታ ይከፍላሉ።

ዲጂታል ገንዘብን ከአንዱ የብሎክቼይን መረብ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ዎርምሆል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘረፈ። ከዚያም ከፍተኛ ወሮታ አወጀ፤ በዚያው ወር አንድ ተመራማሪ ሌላ ከባድ ክፍተት አግኝቶ በምስጢር አሳወቀ። ክፍተቱ ገንዘብ ሳይጠፋ ተዘጋ፤ ተመራማሪውም 10 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ክፍያው ከተዘረፈው ገንዘብ ከ30 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ወሮታው በቂ፣ ደንቡም ግልጽ ሲሆን ክፍተት ያገኘ ሰው ከመዝረፍ ይልቅ ማሳወቅን ሊመርጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ወሮታ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና አይደለም። ስለሆነም ዜጎች ኮዱ በገለልተኛ ባለሙያ መመርመሩንና ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አስቀድመው ሊያረጋግጡ ይገባል።