ሳይሸፈን ይታይ
ግልጽ ደብዳቤ በመቐለ ቃላሚኖ ቤት ለምትሠሩ ተቋራጮችና ፎርማኖች፣ ለምታሠሩም ባለቤቶች

ቤት ሲሠራ ስሕተት አይጠፋም፤ ብረት ይጎድላል፣ ኮለን ይዘምማል፣ አርማታ ይቦረቦራል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሕተቱ ተሸፍኖ ሥራው የሚቀጥልበት ልማድ ነው። ካሳፎርማው ሲፈታ ኮለኑ ተቦርቡሮ ከተገኘ ስስ ሲሚንቶ ይለበጥበታል። ስታፋው ተራርቆ ታስሮ እንደሆነ የሚያይ ሰው ሳይመጣ አርማታው ይሞላል። ቧንቧው በውሃ ግፊት ሳይፈተሽ ሴራሚኩ ይነጠፋል። ባለቤቱ የሚነቃው አንድ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። ያን ጊዜ ማን አጠፋ እየተባለ ሽማግሌ ይጠራል፤ ማስረጃው ግን ከልስኑ ሥር ስለሆነ ሽማግሌም ዳኛም በወሬ ይፈርዳል።

ሕጉ ባለቤቱን አልረሳውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ቤቱ የቆመበት አፈር ጠባይ ያመጣው ጉዳት እንኳ በእሱ ላይ ነው፤ ይህን ዋስትና የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የ10 ዓመት ዋስትና በአገራቸው ከ1804 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ፈረንሳዮች ግን በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ዋስትናውን በግዴታ መድን ስለደገፉት፣ ተቋራጩ ቢከስር እንኳ ባለቤቱ የሚጠይቀው አካል አለው። እኛ ዘንድ ዋስትናው የሚሠራው ተቋራጩ እስከተገኘና የመክፈል አቅም እስካለው ድረስ ነው። በእጅ ዋጋ የተያዘ ፎርማን ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ሊሠራ ይችላል፤ የተጻፈ ውል ከሌለ ደግሞ ምን ሊሠራ እንደተስማማ ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን በእርግጥ የሚጠብቀው ጊዜ ጉድለቱ ገና በዓይን የሚታይበት ያ አጭር ጊዜ ነው፤ የመሸፈን ልማድ የሚነጥቀውም ይህንኑ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ ውሃን እንመልከት። አርማታ ሲቦካ፣ ቶሎ እንዲፈስና ለሠራተኛው እንዲቀል፣ ውሃ ይጨመርበታል። የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ግማሽ ወደ 70 በመቶ ካደገ ጥንካሬው ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። ከተሞላ በኋላ ደግሞ አርማታው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የታሰበለት ጥንካሬም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። መቐለ የውሃ ችግር ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ በቦቴ ተገዝቶ የመጣ ውሃ ከምንም በላይ የሚቆጠበው በዚህ ሳምንት ነው። ውሃ በሚጎዳበት ሰዓት ይበዛል፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። እርጥብ ጆንያ አልብሶ በላስቲክ መሸፈን ብዙ ውሃ አይፈጅም፤ ሥራው ግን ትዕዛዝና ክትትል ይፈልጋል። ሶሌታው በሦስተኛው ቀን ደርቆ መዋሉን ማንም ካልመዘገበ ከዓመት በኋላ ስንጥቁ የመጣው ከአፈሩ ነው ይባላል፤ አፈሩም አይመልስም።

ተቋራጮች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ ብዙው እውነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የትግራይ ጦርነት ባንክ ተዘግቶ፣ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም ሥራ አቁሞ ነበር፤ የተጀመሩ ቤቶች ብረታቸው እንደቆመ ቀርተዋል። በአሮጌ ዋጋ ውል የገባ ሰው በአዲስ ዋጋ ሲሚንቶ ሲገዛ ትርፉ ያልቃል። ይህ ግን ዋጋን እንደገና ለመነጋገር በቂ ምክንያት ነው እንጂ ባለቤቱ ሳያውቅ ከአርማታው ሲሚንቶ ለመቀነስ ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛው መልሳቸው በባለቤቶች ላይ የሚያቀርቡት ክስ ነው፤ እኔም ከተቋራጮቹ ጋር እስማማለሁ። ፕላን በየሳምንቱ ይለውጣሉ፣ ጥቂት ጉድለት ሲያዩ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበታል፣ ደመወዝ ይይዛሉ። ጉድለቱን በራሱ አፍ ተናግሮ የተቀጣ ፎርማን ሁለተኛ አይናገርም፤ መሸፈንን የምናስተምረው በዚህ መንገድ ነው። ፍተሻ ሥራ ያቆማል፣ የቀን ሠራተኛውን ይጎዳል የሚሉም አሉ። አርማታ ሳይሞላ ስታፋ ማጥበቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ከተሞላ በኋላ ግን መዶሻና ድሪል ይዞ የተሠራውን ማፍረስ ነው።

ስለዚህ ሦስት ቦታ ላይ ሥራው ቆም እንዲል እጠይቃችኋለሁ፦ በመሠረቱ ላይ አፈር ሳይመለስ፣ ሶሌታው ሳይሞላ፣ ልስን ሳይጀመር። ባለቤቱና ፎርማኑ አብረው ይዩ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ያዩትን በደብተር ጽፈው ይፈርሙ፤ ቀጣዩ ክፍያ በዚያ ፊርማ ይለቀቅ። መሐንዲስ ሙሉውን ጊዜ መቅጠር ያልቻለ ለእነዚህ ቀናት ብቻ ያስመጣ። በማኅበር የምትሠሩ ደግሞ አንድ መሐንዲስ ለብዙ ቤት ተጋሩ፤ የአንዱ ቤት ስሕተት በተመሳሳይ ፕላን በሌሎቹም ይደገማልና። በውላችሁ ላይ ይህ ይጨመር፦ ፎርማኑ ጉድለቱን ቀድሞ ካሳወቀ ለማረሚያው የእጁን ዋጋ እሱ፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን ባለቤቱ ይቻሉ፤ ተሸፍኖ ከተገኘ ግን ማፍረሱም መልሶ መሥራቱም ሙሉ በሙሉ በፎርማኑ ኪሳራ ይሁን።