የሩብ ዓመቱን ታክስ ብንዘለውስ?

ሰሞኑን ምሳ ልንበላ ከገባንበት ምግብ ቤት አንድ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ጠጋ ብሎ፣ «ይህን በየሩብ ዓመቱ ክፈል የሚሉኝን ታክስ ብተወውና ኤፕሪል ላይ ባንድ ጊዜ ብከፍለው ምን ይመጣብኛል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙ ወገኖቻችን በመሆኑ መልሱን በዚህ ዓምድ ለማካፈል ወደድን።

በአሜሪካ ሕግ ታክስ የሚከፈለው ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሆን ገንዘቡ ሲገኝ ነው። ለተቀጣሪ፣ አሠሪው ከደሞዙ እየቀነሰ ያስገባለታል። ታክሲ የሚነዳ፣ በኡበር ወይም በሊፍት የሚሠራ፣ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ቀናሽ ስለሌለው በራሱ እጅ መክፈል አለበት። የመክፈያ ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው። ሩብ ዓመት ይባል እንጂ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ክፍያ ያለው ሁለት ወር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

«ልጆች አሉኝ፣ ገቢዬም ትንሽ ነው፣ ታክስ አይደርስብኝም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የገቢ ግብሩ ባይደርስባቸው እንኳ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ 15.3 በመቶ አይቀርም። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 40,000 ዶላር የተረፈው ሰው በዚህ ብቻ ወደ 5,650 ዶላር ይደርስበታል።

ታዲያ ያለ ቅጣት መዝለል የሚችል የለም ወይ? አለ። ከደሞዝ የተቀነሰው ሁሉ ታስቦ ቀሪ ዕዳው ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ሰው አይቀጣም። ባለፈው ዓመት ሙሉውን 12 ወር የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ሆኖ ምንም ታክስ ያልነበረበትም እንዲሁ። ባለቤቱ ተቀጥራ የምትሠራና አብረው ታክስ የሚሞሉ ከሆነ ደግሞ፣ ደብሊው-4 ቅጿን አስተካክላ ከደሞዟ ብዙ እንዲቀነስ በማድረግ የእርሱን ድርሻ መሸፈን ይቻላል።

ከነዚህ ውጭ የሆነ ሰው የዘንድሮውን ታክስ 90 በመቶ ወይም የአምናውን 100 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚያንሰውን፣ በየቀጠሮው ከከፈለ ከቅጣት ይድናል። አምና ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ የነበረ ከሆነ የአምናው 110 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ የአምናውን ታክስ ለአራት ማካፈል ነው።

ያልከፈለስ? ፖሊስ አይመጣበትም። ቅጣቱ እንደ ወለድ የሚታሰብ ነው። ለምሳሌ በየጊዜው 1,500 ዶላር መክፈል የነበረበት ሰው አራቱንም ዘሎ ኤፕሪል 15 ቢከፍል፣ በ2025 በነበረው 7 በመቶ ሲሰላ ቅጣቱ ወደ 280 ዶላር ነው። «ይቺማ ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ግን 280ው አይደለም፤ 6,000ው ነው። ኤፕሪል ሲደርስ ያ ገንዘብ የመኪና ጥገና፣ የቤት ኪራይና አገር ቤት የተላከ ሆኖ ይገኛል። ዕዳው ሲያድር ለዜግነት ማመልከቻ የሚሞላው ቅጽም ጊዜው ያለፈበት የታክስ ዕዳ እንዳለባችሁ ይጠይቃል።

ቢያንስ ቢያንስ፣ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ቅጹን ሳታስገቡ አትቅሩ። ሳይከፍሉ መቅረት በወር 0.5 በመቶ ሲያስቀጣ፣ ቅጹን ሳያስገቡ መቅረት ግን 5 በመቶ ያስቀጣል። አስገብታችሁ በየወሩ ለመክፈል ከአይ አር ኤስ ጋር መዋዋል ይቻላል። የምትኖሩበት ስቴትም የራሱ ቀን ሊኖረው ይችላል፤ በቨርጂኒያ የመጀመሪያው ክፍያ ሜይ 1 ነው።

ወገኖቻችን እቁብ ስንጥል አንድ ሳምንት አናሳልፍም፤ ዳኛው ፊት ማፈር እንፈራለን። ለዚህም በየሳምንቱ ከገቢያችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ያ ገንዘብ የእናንተ እንዳልሆነ ቁጠሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ባንድ ኤፕሪል የሚከብደው፣ ለአራት ሲከፈል ይቀላል።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።